ስለተቆለፈው የኮምፒውተር ክፍል፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለትምህርት ቤቶች የሚላኩ ኮምፒውተሮች ለተማሪዎች እንዲከፈቱ ስለመጠየቅ

ክቡራን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

በአንድ የወረዳ ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር ዘንድሮ 22ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጉዳዩን በግልጽ ደብዳቤ ለማቅረብ የወሰንኩት በተዋረድ የሚሰማኝ አጥቼ አይደለም። የማነሣው ችግር የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ ወረዳ ብቻ ስላልሆነ፣ ከተለያዩ ክልሎች የመጣን መምህራን በክረምት ሥልጠና ላይ በተገናኘን ቁጥር ሳንመካከር አንድ ዓይነት ነገር ስንናገር ስለሰማሁ፣ መፍትሔውም ከአንድ ርዕሰ መምህር ወይም ከአንድ ጽሕፈት ቤት አቅም በላይ መሆኑን ስለተረዳሁ ነው።

ጉዳዩ የአንድ በር ጉዳይ ነው። በትምህርት ቤታችን ከቤተ መጻሕፍቱ ቀጥሎ ባለው ክፍል ውስጥ 24 ኮምፒውተሮች አሉ። በሩ ከውጭ የብረት ፍርግርግ ተገጥሞለት በሁለት ቁልፍ ይዘጋል። አንዱ ቁልፍ ያለው በንብረት ክፍል ሠራተኛዋ፣ ሁለተኛው በርዕሰ መምህሩ እጅ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ሰዓት ካልተገኙ በሩ አይከፈትም። ባለፈው ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ ወደዚያ ክፍል የገባሁት አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ በዕለት ትምህርት ዕቅዴ ላይ ስለመዘገብኩት ቁጥሩን በትክክል አውቀዋለሁ። ተማሪዎቹ 62 ነበሩ፤ ከ24ቱ ኮምፒውተሮች የሚነሡት ደግሞ ዘጠኝ። በአንዱ ኮምፒውተር ዙሪያ ስድስትና ሰባት ልጆች ይቆማሉ፤ ማውሱን አንዱ ይይዛል፣ የቀሩት በትከሻው ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፤ ተራው ሳይደርሳቸው ደወሉ ይደወላል።

ይህ ክፍል ተዘግቶ መዋሉ ከዐሥር ዓመት በፊት ቢሆን ከብዙዎቹ ጉድለቶቻችን እንደ አንዱ ተቆጥሮ ሊታለፍ ይችል ነበር። ዛሬ ግን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ራሱ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተሸጋገረ ነው። ለዚህ ለውጥ ያበቃንን ምክንያት እናውቀዋለን። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ጥያቄዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቀው ፈተናው ተሰርዞ እንደገና እንዲሰጥ ሲወሰን፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠኑ የከረሙ ልጆች በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደርጎ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በይፋ ሲነገር ደግሞ፣ ለዓመታት በኩረጃ ተሸፍኖ የኖረው ገመናችን አደባባይ ወጣ። ቁጥሩ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኗል። ፈተናው እውነተኛ እንዲሆን የተደረገውን ጥረት ከልቤ እደግፋለሁ። ጥያቄዎችን አትሞ፣ አጓጉዞና አስጠብቆ ከማድረስ ጣጣ የሚያሳርፈው የኦንላይን ፈተና በ2016 ዓ.ም. መጀመሩና በየዓመቱ እየሰፋ መሄዱም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የምለምነው፣ ልጆቹ የሚፈተኑበትን መሣሪያ ከፈተናው ቀን አስቀድመው እንዲያውቁት ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በኦንላይን ተፈትኖ ከተመለሰ በኋላ ቤቴ ድረስ መጥቶ የነገረኝን ባጭሩ ላስፍር። በወረቀት ሲፈተን የማይሆኑትን አማራጮች በእርሳስ እየሰረዘ መምረጥ ለምዷል፤ የተጠራጠረውን ጥያቄ አክብቦበት ያልፍና ሲጨርስ ተመልሶ ያየዋል። ስክሪኑ ላይ ግን የሚሰርዝበት ቦታ አጣ። ካለፈው ጥያቄ ላይ እንዴት ተመልሶ እንደሚመጣ እስኪገባው ድረስም የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አለፈ። በስክሪኑ ጥግ የቀረው ጊዜ በሰከንድ እየቀነሰ ሲሄድ ዓይኑን ከዚያ ላይ መንቀል አቃተው። ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ስለ ፊዚክሱ የነገረኝ ነው። በተዳፋት ላይ ስለተቀመጠ ዕቃ ሲጠየቁ በሥዕሉ ላይ ኃይሎቹን አንድ በአንድ በቀስት እያመለከቱ እንዲሠሩ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ልጁ ሥዕሉን አገኘው፤ ቀስት የሚሥልበት ግን አልነበረም። ሥዕሉን መጀመሪያ ወደ ማስሊያ ወረቀቱ በፍጥነት ገልብጦ ከዚያ መሥራት እንዳለበት አላስተማርኩትም ነበር፤ እኔም ራሴ ያን ፈተና በስክሪን አይቼው አላውቅምና። ይህ ልጅ ፊዚክስ ያልገባው ልጅ አይደለም፤ ያስተማርኩት ዘዴ የወረቀት ዘዴ ሆኖበት ነው።

ታዲያ ክፍሉ ለምን ይቆለፋል? ሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ የመብራትና የኢንተርኔት ችግር ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ መብራት በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይጠፋል፣ ኢንተርኔቱም ለርዕሰ መምህሩ ቢሮ እንኳ አይበቃም። ነገር ግን መብራት ባለባቸው ቀናትም በሩ ዝግ ነው፤ ለመተየብ፣ በሠንጠረዥ ለማስላት፣ በፍላሽ የመጣ የልምምድ ጥያቄ ለመሥራትም ኢንተርኔት አያስፈልግም። እኔ ያየሁት ምክንያት ሌላ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም የማንንም ስም ለማንሣት ሳይሆን አሠራሩ እንዲታይ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት የነበሩት ርዕሰ መምህር ደፋር ሰው ነበሩ። የአይሲቲ መምህሩና እኔ ጠይቀናቸው፣ ክፍሉን ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በቅዳሜ ጠዋት እንድንከፍት ፈቀዱልን። ስድስት ቅዳሜ ከፈትን። በመጀመሪያው ቅዳሜ 20 ልጆች መጡ፤ በስድስተኛው ወንበር አልበቃ ብሎ ከክፍል አግዳሚ አምጥተን ነበር። ከሁሉም በዓይኔ ላይ የቀረችው አንዲት ተማሪ ናት። የግዕዙን ኪቦርድ ከጫንንላቸው በኋላ የፈለጉትን እንዲጽፉ ስንነግራቸው፣ እሷ ዓረብ አገር ለምትሠራ እኅቷ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። በስልክ ሲጻጻፉ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት፤ በራሷ ፊደል ስትተይብ የመጀመሪያዋ ነበር። «ውድ እኅቴ» ለማለት ፈልጋ የመጀመሪያውን ቃል ከጻፈች በኋላ ጣቷን ኪቦርዱ ላይ አንሳፍፋ ቆየችና «መምህር፣ ሌላኛው ሀ የት ነው?» አለችኝ። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «እህቴ» ብላ በጻፈች ቁጥር መምህሯ በቀይ እያረሙባት ኖረዋል፤ እርማቱ ትርጉም ያገኘው ግን ያን ቀን ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ልጆች ሀ፣ ሐ እና ኀ ከየትኛው ቁልፍ እንደሚወጡ ሲፈልጉ፣ የትኛው ቃል በየትኛው እንደሚጻፍም ሲከራከሩ ሰዓቱ አለቀ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ረድፍ 231 ሆነው ከሃያ ጥቂት በሚበልጡ የፊደል ቁልፎች እንዴት እንደሚጻፉ ለእነዚያ ልጆች ያሳያቸው ሰው አልነበረም። ያን ጠዋት ያየሁት የአይሲቲም የአማርኛም ትምህርት ነበር።

በስድስቱ ቅዳሜዎች የደረሰው ጉዳት አንድ ማውስ መበላሸቱና ከአንድ ኪቦርድ ላይ ሁለት ቁልፎች መነቀላቸው ነው። ሰኔ 30 ሲቃረብ የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ መጣ። በንብረት ገቢ ደረሰኝ (በሞዴል 19) ገቢ የሆነውን ዕቃ ከመዝገቡ ጋር እያመሳከሩ ሲቆጥሩ ማውሱንና ኪቦርዱን አገኟቸው፤ ርዕሰ መምህሩም ንብረቱ በማን ጥፋት እንደተበላሸ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ተጠየቁ። በሳጥናቸው ውስጥ እንደታሸጉ አቧራ ስለለበሱት፣ ተነሥተው ስለማያውቁት ኮምፒውተሮች ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ በመዝገቡ ላይ ሙሉ ሆነው ተቆጠሩ። በቀጣዩ መስከረም በሩ ላይ ሁለተኛው ቁልፍ ተጨመረ። በርዕሰ መምህሩ አልፈርድም፤ ደመወዛቸው ምን ያህል እንደሆነ ስለማውቅ የአንድ ኮምፒውተር ዋጋ ቢከፍሉ ቤታቸው ስንት ወር እንደሚራብ ማስላት አያቅተኝም። ኮሚቴውም የታዘዘውን ነው የሠራው። ያገለገለ ዕቃ ተጠያቂነት የሚያመጣበት፣ ተቆልፎ የተበላሸ ዕቃ ግን ማንንም የማያስጠይቅበት አሠራር እስካለ ድረስ ግን፣ ኮምፒውተር የቱንም ያህል ቢላክልን ማረፊያው ግምጃ ቤት ነው።

የእኛ አገር ትምህርት ከመሣሪያ ጋር ያለው ዝምድና እንዲህ አልነበረም። የኔታ ዘንድ የተማረ ሰው እንደሚያስታውሰው የፊደል ገበታው በልጁ እጅ ላይ ነው የሚውለው። በስንደዶ እየተነካ፣ በላብና በአቧራ እየታሸ ዳርና ዳሩ ያልቃል፤ ሲያልቅ ሌላ ይገዛለታል። እናቴ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ፊደል የቆጠረችው። የተማረችበት መጽሐፍ ሽፋኑ ረግፎ፣ ገጾቹ በወጥ እጅ ተገልጠው ተገልጠው ወዝ ጠጥተው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቤታችን ነበር። ያ መጽሐፍ እንዲያ በማለቁ ማንም አልተጠየቀም።

መሣሪያ ብቻውን ሲላክ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከማንም ይልቅ የእኔ ዕድሜ መምህራን እናውቃለን። ሥራ በጀመርኩበት በ1997 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። በጎ ጎኑን መደበቅ አልፈልግም፤ በቤተ ሙከራችን ልናሳየው የማንችለውን ሙከራ ልጆቹ በዓይናቸው አይተዋል። ነገር ግን የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ነበር። ልጆቹ ገና የጆሮ ልምድ ባላገኙበት እንግሊዝኛ ፈጥኖ ያስተምራል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንዶች ሰጥቶ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል፤ ያልገባውን ልጅ ፊት እያየሁ «ቆይ» ልለው አልችልም። መብራት የጠፋ ዕለት የዚያን ቀን ትምህርት ያመለጠው አምልጦ ይቀራል፤ ሥርጭቱ እኛን ሳይጠብቅ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይሄዳል። መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ሲበላሹም ጠጋኝ አልመጣም። በክፍሎቻችን ግድግዳ ላይ የተገጠሙት የብረት ሳጥኖች ዛሬም አሉ፤ ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ልጆቹ በብርድ ጊዜ የሚለብሱትን ጃኬት ይሰቅሉባቸዋል። እኔ ያን ጊዜ ወጣት መምህር ስለነበርኩ ማንም አስተያየቴን አለመጠየቁ አልገረመኝም። አሁን ግን ያ እንዳይደገም እፈራለሁ።

በሩን በመቆለፋችን ልጆቹን ከዚህ ዓለም አላራቅናቸውም። ስልክ በእጃቸው ነው። በትምህርት ቤታችን መግቢያ ላይ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑ ተጽፏል፤ ይሁንና አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ስላልደረሰ ልጆቹ መማሪያ መጽሐፋቸውን በቴሌግራም እየተላላኩ ያነቡ የነበረው በዚያው ስልክ ነው። አንድ ስልክ ላለው ጓደኛ ሦስትና አራት ሆነው ጥቅል ገዝተው የሚያጠኑ አሉ። ባለፈው ዓመት ስለ ሥራና ኃይል በምሳሌ አስረድተው እንዲጽፉ የቤት ሥራ ብሰጣቸው፣ አሥራ ስድስቱ አንድ ዓይነት፣ ስሕተት የማይገኝበት እንግሊዝኛ ይዘው መጡ፤ የሁሉም ምሳሌ ሮለር ኮስተር፣ በመዝናኛ ቦታ ሽቅብ ቁልቁል የሚከንፈው ባቡር፣ ነበር። በመንደራችን ሮለር ኮስተር ያየ ልጅ የለም። ቻትጂፒቲ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽፎላቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው አልካዱኝም።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የከፋኝ ልጆቹ መጠየቃቸው ሳይሆን የተሰጣቸውን መልስ እንዴት እንደሚመረምሩ ያስተማራቸው ሰው አለመኖሩ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ የቤት ሥራውን ለወጥኩት። ከግቢያቸው ወይም ከጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሲቀዳ ጥልቀቱን በገመዱ፣ ጊዜውን በሰዓት ለክተው፣ የቀዳው ሰው ምን ያህል ሥራ እንደሠራና አቅሙ ስንት ዋት እንደሆነ እንዲያሰሉ፣ ከዚያም ያንኑ ስልካቸውን እንዲጠይቁትና ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አድርገው እንዲያመጡ አዘዝኳቸው። አንዲት ልጅ የእናቷን ለክታ መጣች፤ የጉድጓዱ ጥልቀት 9 ሜትር፣ የውኃው ክብደት 20 ኪሎ ግራም፣ የፈጀው ጊዜ 30 ሰከንድ፤ ሥራው 1,800 ጁል፣ አቅሙ 60 ዋት። «እማዬ እንደ አንድ አምፖል ናት» ስትል ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ፤ በሁሉም ዓይን ላይ የየራሱ እናት ነበረች። ሌላው ልጅ ያንኑ ዘጠኝ ሜትር ለስልኩ ሲነግረው በሴንቲ ሜትር የለካውን 900 ሜትር ብሎ አስገብቶ 6,000 ዋት ይዞ መጣ። ስልኩ የተሰጠውን ቁጥር በትክክል አስልቷል። ነገር ግን «ይህ የወፍጮ ሞተር ነው እንጂ ሰው አይደለም» ብሎ ስሕተቱን ያወቀው ጓደኛው ነው። ለአዲሱ ዘመን የምናዘጋጀው ልጅ እንደዚያ ጓደኛው ያለው ይመስለኛል፤ መልስ ቢሰጠው ከሚያውቀው ነገር ጋር አስተያይቶ «ይህስ አይሆንም» የሚል። ይህን ደግሞ ከማን ጋር ሆኖ ይለማመደው? በሌሊት በብርድ ልብስ ሥር ብቻውን ከስልኩ ጋር ሆኖ ሳይሆን፣ በቀን ብርሃን፣ መምህሩ ባለበት፣ በዚያው በተቆለፈው ክፍል ውስጥ ነበር ሊለማመደው የሚገባው።

ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቱ የምንጠብቀውን በግልጽ ልጻፍ።

ከሁሉ አስቀድሞ የንብረት አያያዙ ይታይልን። በስርቆትና በቸልተኝነት የጠፋ ንብረት እንዲያስጠይቅ እንፈልጋለን፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው። በትምህርት ላይ ሳለ ያረጀና የተበላሸ መሣሪያ ግን እንደ ጠመኔ በአገልግሎት እንዳለቀ ተቆጥሮ በትምህርት ቤቱ ቃለ ጉባኤ ከመዝገብ እንዲወጣ የሚፈቅድ ግልጽ መመሪያ ከሚመለከታቸው የገንዘብ መሥሪያ ቤቶችና ከክልል ቢሮዎች ጋር ተዘጋጅቶ ቢወርድ፣ አንድ ተጨማሪ ኮምፒውተር ሳይገዛ በብዙ ትምህርት ቤቶች በሩ ይከፈታል ብዬ አምናለሁ። ሱፐርቫይዘሮችም ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ «ስንት ኮምፒውተር አላችሁ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «በዚህ ወር ስንት ተማሪ ስንት ሰዓት ተጠቀመባቸው?» የሚለውን ይጠይቁን። አሁን ባለው የሪፖርት ቅጽ ላይ ሳጥኑ ያልተከፈተ ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት፣ ቁልፉ የተነቀለ ኪቦርድ ካለው ትምህርት ቤት የተሻለ ሆኖ ይታያል።

ጥገናውን በተመለከተ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከእኛ ከተማ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ርቀት ላይ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ፤ በኮምፒውተር ጥገናና በኔትወርክ የሚሠለጥኑት ወጣቶች የትብብር ሥልጠና የሚወስዱበት ድርጅት እያጡ በየቢሮው ፎቶ ኮፒ ሲያነሡ ይውላሉ። በእኛ ክፍል ውስጥ የማይነሡ 15 ኮምፒውተሮች አሉ። የአይሲቲ መምህራችን እንደሚለው ከእነዚህ ቢያንስ ግማሹ የኃይል መስጫ ሳጥናቸው (ፓወር ሰፕላያቸው) ወይም ሚሞሪያቸው ቢቀየር የሚነሡ ናቸው። እነዚያን ወጣቶችና እነዚህን ኮምፒውተሮች የሚያገናኝ አንድ የስምምነት ደብዳቤ ከበላይ ቢመጣና ከትምህርት ቤት ድጎማው ላይ ለመለዋወጫ የሚውል ጥቂት ገንዘብ ተለይቶ ቢፈቀድ ይበቃል። ስታቢላይዘርም ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይገዛ፤ መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ስንቱን እንዳቃጠለብን እኛ ነን የምናውቀው።

ለፈተናው ደግሞ፣ ልጆቹ በዕለቱ የሚያገኙት የፈተና ሶፍትዌር ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ተጭነውበት፣ ያለ ኢንተርኔት በትምህርት ቤቱ ውስጥ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ለሌሎቹ የሚያሠራጭ ሆኖ ከመስከረም ጀምሮ በፍላሽ ይሰጠን። ተማሪው ቢያንስ አሥር ጊዜ በዚያ ላይ ይለማመድ፤ ጥያቄ መዝለልን፣ መመለስን፣ ሰዓቱን መጠቀምን፣ ሥዕሉን ወደ ወረቀት መገልበጥን። ለመምህራኑም ቀድሞ ይድረሰን፤ ማስተማሪያ ዘዴያችንን የምናስተካክለው አይተነው ነውና። በትልልቅ ከተሞች ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቤታቸው ላፕቶፕ አላቸው፤ የእኔ ተማሪዎች የላቸውም። ይህን ልዩነት የሚያጠብበው የፈተናው ማዕከል ሳይሆን ከፈተናው በፊት ያሉት ወራት ናቸው። ካለፉት ዓመታት በአንዱ ብቻ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አለማሳለፋቸው ሲገለጽ፣ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ መምህራን ምን ተሰምቷቸው እንደሚሆን እኔ አላጣሁትም። እነሱ ላይ የመሣሪያው እንግዳነት ደግሞ ሊጨመርባቸው አይገባም።

በፊደላችን መተየብ ከመካከለኛ ደረጃ፣ ከ7ኛና 8ኛ ክፍል ጀምሮ በተግባር እንዲሰጥም እጠይቃለሁ፤ በአማርኛም፣ በትግርኛም፣ በላቲን በሚጻፉት በአፋን ኦሮሞና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ልጁ በሚማርበት ቋንቋ ይሁን። በገዛ ፊደሉ መጻፍ የማይችል ልጅ በኮምፒውተሩ ላይ ሁልጊዜ እንግዳ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በተመለከተ እኔ መፍትሔ አለኝ አልልም፤ እየሞከርኩ ነው ያለሁት። ክልከላ ብቻ እንደማያዋጣ ግን አይቻለሁ። የምንጠይቀው በየትምህርት ዓይነቱ ለመምህራን የሚሆን፣ በምሳሌ የተሞላ አጭር መመሪያ ነው። ምን ዓይነት የቤት ሥራ ብንሰጥ ልጁ ያስባል፣ ምን ዓይነቱ ስልኩን ብቻ ያሠራዋል የሚለውን ከየክልሉ የተውጣጡ፣ ክፍል ውስጥ ያሉ መምህራን ተሰብስበው ይጻፉት። በአምስት ቀን ሥልጠና አዳራሽ ውስጥ በፓወርፖይንት የሚነበብልን ንግግር በተመለስን ሳምንት ይረሳል፤ አንድ መምህር ሠርቶ ያየውንና የተሳካለትን ሲነግረን ግን በማግሥቱ ክፍል ይዘነው እንገባለን።

ከእነዚህ ጥያቄዎች መካከል አዲስ በጀት የሚሹት ጥቂቶቹ ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚፈልጉት ደብዳቤ፣ መመሪያና ፈቃድ ነው። ዘንድሮ የማስተምራቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 58 ናቸው። የአይሲቲ መምህሩ፣ የሒሳብ መምህርቷና እኔ በሩ እንዲከፈት ከተፈቀደልን ከዛሬ ጀምሮ እስከ ፈተናው ዋዜማ ድረስ ባሉት ቅዳሜዎች ሁሉ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ልንገኝ በፊርማችን አረጋግጠን ለትምህርት ቤቱ ማመልከቻ አስገብተናል። ሁለት ቁልፎች ተነቅለውበት የነበረውን ያንን ኪቦርድም የአይሲቲ መምህሩ ከተጣለ ኪቦርድ ላይ አውጥቶ ጠግኖታል፤ ዛሬ ይሠራል።

ከሰላምታ ጋር፣
የፊዚክስ መምህር

ግልባጭ፦
ለክልል ትምህርት ቢሮዎች
ለዞንና ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች
ለወላጅ፣ መምህራንና ተማሪዎች ኅብረቶች
ባሉበት